ስለ አይስላንድ፤ የበረዶና የእሳት ደሴት

ልጆች ሆይ፤ ካገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ዓለም ሁሉ እንደ መንደሩ ይመስለዋል። ክረምት ሲባል ዝናብ፤ ሌሊት ሲባል ጨለማ፤ ምንጭ ሲባል ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይታሰበዋል። ነገር ግን በበጋ ሌሊቱ የማይጨልምበት፤ በክረምት ከጧቱ በ4 ሰዓት ገና መብራት የሚበራበት፤ ከበረዶም በታች እሳት ያለበት አገር አለ። የዚህ አገር ስም አይስላንድ ነው፤ ትርጓሜውም የበረዶ ምድር ማለት ነው።

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ምድር ነው። በጣና ባሕር ውስጥ ደቅና ዳጋ የሚባሉ ደሴቶች እንዳሉ ብዙ ልጅ ሰምቷል። አይስላንድ ግን በታላቁ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፤ ከአውሮፓ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ሰፊ ደሴት ናት። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ ምድር ዐሥረኛ እጅ ጥቂት ያንሳል። የሕዝቧ ቁጥር ግን 400,000 አይሞላም። ከሕዝቡም የሚበዛው በዋናው ከተማ በሬይኪያቪክና በዙሪያው ይኖራል። ሬይኪያቪክ ማለት የጢስ ወሽመጥ ማለት ነው። ከ1,100 ዓመት በፊት ከኖርዌይ በመርከብ የመጡ ሰዎች ከፍል ውኃ የሚወጣውን እንፋሎት ከሩቅ ቢያዩ ጢስ መሰላቸውና ይህን ስም አወጡለት ይባላል።

በእነዚህ ዓመታት ወደ አይስላንድ የሚሄደው እንግዳ በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣል። ከእንግዶቹም አንዱ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ሌላው ግን እያጉረመረመ ይመለሳል። ያዩት አገር አንድ ሲሆን ልባቸው ስለ ምን ተለያየ? ይህን ለማወቅ አስቀድሞ የአገሩን ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ንባብ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የወራቱ ስም ግን ለተማሪው እንዲቀልለት በኢትዮጵያ አጠራር ተጽፏል።

እሳቱ ከወዴት እንደ መጣ

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። እንደ ተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት በብዙ ታላላቅ ቁራጮች የተከፈለ ነው። እነዚህም ቁራጮች እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ። አይስላንድ የተቀመጠችው ሁለት ቁራጮች፤ አንዱ የሰሜን አሜሪካ አንዱም የአውሮፓ ወገን፤ በሚለያዩበት ስንጥቅ ላይ ነው። በአንድ ዓመት የሚራራቁት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ ማለት የአውራ ጣት ወርድ የሚያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ጥቂት በጥቂት ሲጠራቀም በሺህ ዓመት 20 ሜትር ይሆናል።

ቁራጮቹ ሲለያዩ ከበታች ያለው የጋለ ድንጋይ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ በወጣም መጠን የተጫነው ክብደት ይቀልለትና ይቀልጣል። ገንፎ በድስት ሲንተከተክ ፊቱን እየቀደደ እንደሚወጣ፤ የቀለጠውም ድንጋይ ምድርን ቀዶ ይወጣል። ይህ እሳተ ገሞራ ይባላል። በኢትዮጵያም በአፋር ምድር እንደዚህ ያለ የመሬት መለያየት አለ፤ ኤርታሌ የሚባለውም እሳተ ገሞራ የሚገኘው በዚያ ነው። የአንዱ አገር እሳት በበረሃ፤ የሌላው በበረዶ መካከል ይነዳል፤ መሠረቱ ግን የሁለቱም ምድር መሰንጠቅ ነው።

ቲንግቬትሊር በሚባለው ስፍራ መንገደኛ በዚህ ስንጥቅ መካከል በእግሩ ሊሄድ ይችላል። በግራና በቀኝ ጥቁር ዓለት እንደ ቅጥር ቆሟል፤ በመካከሉም የጠራ ውኃ ይፈሳል። ከ930 ዓመት ጀምሮ የአገሩ ሰዎች በየበጋው በዚህ ስፍራ ተሰብስበው ይፈርዱና ሕግ ያወጡ ነበር። ሕጉ ገና በመጽሐፍ ሳይጻፍ፤ ሕግ ተናጋሪ የሚባለው ሰው በቃሉ አጥንቶ በዓለት ላይ ቆሞ ለሕዝቡ ያሰማ ነበር። ስለዚህ ይህን ስፍራ የሚያይ መንገደኛ የምድርን ታሪክና የሰውን ታሪክ ባንድነት ያያል።

ስለ ፍል ውኃ

ከመሬት በታች ያለው ትኩሳት ውኃውን ያፈላዋል። ሃውካዳሉር በሚባለው ሸለቆ ስትሮኩር የተባለ ፍል ውኃ አለ። ይህ ውኃ ጸጥ ብሎ ይቆይና ከ6 እስከ 10 ደቂቃ በሚያህል ጊዜ ውስጥ በድንገት ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። ብዙ ጊዜ ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይደርሳል።

ምክንያቱንም ቡና ሲፈላ ያየ ልጅ በቀላሉ ያስተውለዋል። ጀበና አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ ሲፈላ በድንገት ይገነፍላል። የስትሮኩርም ጉድጓድ ጠባብና ጥልቅ ነው። በጥልቁ ያለው ውኃ በላዩ ያለው ውኃ ስለ ተጫነው፤ እጅግ ቢግልም ቶሎ ሊፈላ አይችልም። ኋላ ግን ከላይ ጥቂቱ ሲፈስ ክብደቱ ይቀልላል፤ ያን ጊዜ የጋለው ውኃ ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጥና የላይኛውን ውኃ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል።

የአይስላንድ ሰዎች ይህን ትኩሳት ለሥራ አውለውታል። ከ10 ቤቶች 9ኙ የሚሞቁት ከምድር በሚወጣ ሙቅ ውኃ ነው። ውኃውን በቧንቧ ወደየቤቱ ያመጡታል። ብርዱ ዛፍ በማያበቅልበት ወራት በመስተዋት ቤት ውስጥ ቲማቲምና አበባ ያበቅሉበታል። በአንዳንድ ስፍራ ቡሖውን በዕቃ ከድነው በጋለ መሬት ውስጥ ይቀብሩታል፤ በማግሥቱም ቆፍረው የበሰለ ዳቦ ያወጣሉ። ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ዋና እንዲማሩ ታዟል፤ በክረምትም አመዳይ በራሳቸው ላይ እየወረደ በሙቅ ኩሬ ውስጥ ይዋኛሉ።

ስለ ወራት መለዋወጥ

የኢትዮጵያ ልጅ ክረምት ሲል የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ያስባል። በአይስላንድ ግን ክረምት ማለት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው የብርድና የጨለማ ጊዜ ነው፤ ሐምሌ የበጋቸው እኩሌታ ነው። የጥንቱ የአገሩ አቆጣጠር ዓመቱን ለሁለት ብቻ፤ ለበጋና ለክረምት፤ ይከፍለው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በሚያዝያ ወር በአንድ ሐሙስ ቀን የበጋን መጀመሪያ ያከብራሉ፤ ልጆችም ስጦታ ይቀበላሉ። በዚያ ቀን ብዙ ጊዜ ገና አመዳይ ይወርዳል። እነርሱ ግን በዓሉን አይተዉም። በዋዜማው ሌሊት ውኃ ቢረጋ ክረምትና በጋ ተያያዙ ይላሉ፤ ጥንትም ይህን ለመልካም ዓመት ምልክት ያደርጉት ነበር።

በሰኔ ወር በሬይኪያቪክ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱም 9 ሰዓት ሲሆን ተመልሳ ትወጣለች። በመካከሉም ጨለማ አይሆንም። በዚያን ጊዜ ሣሩ ይለመልማል፤ የቀለጠው በረዶ በየገደሉ ፏፏቴ ሆኖ ይወርዳል። ፓፊን የሚባል ምንቃሩ ባለ ብዙ ቀለም የሆነ የባሕር ወፍ በገደል አፋፍ ጎጆውን ይቆፍራል። በደጋው ማህል ያሉት በአመዳይ ተዘግተው የከረሙ መንገዶችም የሚከፈቱት በዚሁ ወራት ነው።

በነሐሴ መጨረሻ የፓፊን ጫጩቶች ጎጆአቸውን ትተው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። በሄይማይ ደሴት ግን ብዙዎቹ በከተማው መብራት ተታልለው በመንገድ ላይ ይወድቃሉ። የከተማው ልጆች በሌሊት ወጥተው ይሰበስቡአቸዋል፤ ሲነጋም ወደ ባሕር ዳር ወስደው ይለቁአቸዋል። በመስከረም ደግሞ በጋውን በተራራ ላይ ያለ እረኛ የሰነበቱት በጎች ይሰበሰባሉ። ገበሬዎቹ በፈረስና በእግር ወጥተው መንጋውን ሁሉ ወደ አንድ በረት ያወርዳሉ፤ እያንዳንዱም በጆሮው ላይ ባለው ምልክት የራሱን በግ ይለያል። ቀኑ የድካምና የደስታ ቀን ነው።

በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትጠልቃለች። ነገር ግን በጨለማው ሰማይ አረንጓዴ ብርሃን እንደ መጋረጃ ሲወዛወዝ ይታያል። ይህ የሰሜን ብርሃን ይባላል። ከፀሐይ የሚወጡ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች በምድር ማግኔት ተስበው ወደ ዋልታው አየር ሲገቡ አየሩ ያበራል። ይህ ብርሃን በሰኔ ሰማይ ላይ ሊታይ አይችልም፤ ያለ ጨለማ አይገለጥምና። ጥንት በረጅሙ ሌሊት የቤቱ ሰዎች የበግ ጠጉር ሲፈትሉ፤ አንዱ በመብራት አጠገብ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብላቸው ነበር። ዛሬም በልደት በዓል መጽሐፍ መስጠት የአገሩ ልማድ ነው። እንዲህ አድርገው የጨለማውን ወራት የትምህርት ወራት አደረጉት።

እሳቱ በተቈጣ ጊዜ

ይሁን እንጂ የአገሩ ሰዎች ይህን ሁሉ ያገኙት ያለ መከራ አይደለም። በ1783 ዓመት በሰኔ ወር ላኪ በሚባል ስፍራ ምድር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀች። ከመቶ ከሚበልጡ አፎች እሳትና የቀለጠ ድንጋይ ወጣ፤ እስከ 1784 ዓመት መጀመሪያም አላቆመም። ከሁሉ የከፋው መርዛሙ ጢስ ነበር። ጢሱ በሣሩ ላይ ወረደ፤ በሣሩም ከብቶችና በጎች ተመርዘው አለቁ። ቀጥሎ ረኃብ መጣ፤ ከሕዝቡም አምስተኛው እጅ ያህል ሞተ።

በዚያ ወራት ዮን ስታይንግሪምሶን የሚባል ቄስ ነበረ። የቀለጠው ድንጋይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቀርብ ሕዝቡን ሰብስቦ ጸሎት አደረገ፤ ድንጋዩም ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርስ ቆመ። ይህ ቄስ ያየውን ሁሉ፤ የጢሱን ሽታ፤ የከብቶቹን ደዌ፤ የሰዎቹን ስቃይ፤ አንድ በአንድ ጻፈ። ዛሬ ሊቃውንት እሳተ ገሞራ ከብትንና ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ሲመረምሩ የእርሱን ጽሕፈት ያነባሉ። አስተውሎ መጻፍ እንዲህ ለኋላ ትውልድ ይጠቅማል።

በ1973 ዓመት በጥር ወር ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል በሄይማይ ደሴት በከተማው ዳር ምድር ተሰንጥቃ እሳት ወጣ። በከተማው ከ5,000 የሚበልጥ ሰው ነበረ። በዋዜማው ማዕበል ስለ ነበረ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ሳይወጡ በወደብ ቆመው አድረው ነበር። ሕዝቡ ሳይጋፋ ወደ ወደቡ ወረደ፤ ከመንጋቱም በፊት የሚበዛው በጀልባ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ። ትናንት ዓሣ አጥማጁን ከሥራ ያስቀረው ማዕበል ዛሬ ሕዝቡን ያተረፈ ሆነ።

እሳቱ አምስት ወር ያህል ነደደ፤ 400 የሚያህሉ ቤቶችም ጠፉ፤ አንድ ሰውም በመርዛም አየር ሞተ። የቀለጠውም ድንጋይ የወደቡን በር ሊዘጋ ቀረበ። ወደቡ ከተዘጋ የደሴቱ ኑሮ ያበቃ ነበር። ሰዎቹ ግን የባሕሩን ውኃ በፓምፕ እየሳቡ በቀለጠው ድንጋይ ላይ ሌሊትና ቀን አፈሰሱበት። ድንጋዩም ቀዝቅዞ ረጋ፤ ወደቡ ዳነ፤ ከማዕበልም ከቀድሞው ይልቅ የተጠበቀ ሆነ። ብዙዎቹ ወደ ደሴታቸው ተመልሰው ቤታቸውን ከአመድ ውስጥ ቆፍረው አወጡ፤ በጋለውም ድንጋይ ትኩሳት ለብዙ ዓመት ቤታቸውን አሞቁ።

በ2023 ዓመት ግሪንዳቪክ በሚባለው ከተማ ምድር ደጋግማ በተናወጠች ጊዜ ሊቃውንቱ አስጠነቀቁ፤ የከተማውም ሕዝብ ሁሉ በአንድ ሌሊት ወጣ። በ1783 ዓመት የሚያስጠነቅቅ አልነበረም። ዛሬ ግን የምድርን መናወጥ የሚለኩ መሣሪያዎች በየስፍራው ቆመዋል። ሕዝቡም የሊቃውንቱን ቃል ሰምቶ ስለ ወጣ፤ በ1784 መባቻ ከሆነው መከራ 240 ዓመት በኋላ፤ በ2024 ዓመት መጀመሪያ የቀለጠው ድንጋይ ሦስት ቤቶችን ሲያቃጥል በቤቶቹ ውስጥ ሰው አልተገኘም።

መንገደኛ ሊጠብቀው ስለሚገባው ነገር

በደቡብ ዳርቻ ሬይኒስፍያራ የሚባል ጥቁር አሸዋ ያለበት ስፍራ አለ። አሸዋው የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ መልኩም እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ትንንሽ ማዕበል ሲመላለስ ቆይቶ በድንገት ታላቅ ማዕበል ይመጣና በዳር የቆመውን ሰው ይወስዳል። ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ሳለ ለባሕሩ ጀርባቸውን የሰጡ እንግዶች በዚያ ሞተዋል። ከበረዶ ግግር የሚወጣ ወንዝም በጧት ዝቅ ብሎ ቀን ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ይሞላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጧት የተሻገረውን ወንዝ ማታ መመለስ ያቅተዋል። ስለዚህ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው፤ መንገደኛ የአገሩን ሰው ይጠይቅ፤ የተነገረውንም ይስማ።

ደግሞ መንገደኛ ምድሪቱን ራሷን ከጉዳት ሊጠብቃት ይገባል። በቀዘቀዘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ ትንሽ ተክል ይበቅላል። እድገቱ እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ አንድ መኪና ቢሄድበት ቁስሉ ለብዙ ዓሥር ዓመታት ይታያል። ከመንገድ ወጥቶ መኪና መንዳት በሕግ የተከለከለው ስለዚህ ነው። በረዶውም ቢሆን የማያልቅ አይደለም። ቫትናዮኩትል የሚባለው የበረዶ ግግር ብቻውን ከአገሩ ምድር ከ100 እጅ 8 እጅ ያህል ይሸፍናል። ነገር ግን የዓለም አየር እየሞቀ ስለ ሄደ በረዶው ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። ኦክ የሚባለው ትንሹ ግግር ፈጽሞ ስለ ሳሳ በ2014 ዓመት ሊቃውንቱ ከግግሮች ቍጥር አወጡት፤ በ2019 ዓመትም ለመታሰቢያው በተራራው ላይ ጽሕፈት ተደረገለት።

እንግዲህ አንዱ መንገደኛ ደስ ብሎት፤ ሌላው እያጉረመረመ የሚመለስበት ምክንያት ተገለጠ። ሁለተኛው በታኅሣሥ ፀሐይን፤ በሰኔ የሰሜንን ብርሃን ይፈልጋል። ዝናብ ሲዘንብ ቀኑ ጠፋ ይላል፤ ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት ሲቸኩል አንዱንም አያይም። የፊተኛው ግን ከመሄዱ በፊት ይህ ወር ምን አለው ብሎ ይጠይቃል። በበጋ ወፉንና ፏፏቴውን፤ በመስከረም የበጎቹን መሰብሰብ፤ በክረምት የሰማዩን ብርሃን ያያል። እሳቱንም ከሩቅ በፍርሃትና በአክብሮት ይመለከታል፤ በእርሱ የተጎዱትንም ያስባል።

ልጆች ሆይ፤ ይህን ለማድረግ አይስላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሐምሌ ጭቃ ነው ብሎ የሚያዝን ልጅ፤ በመስከረም የሚለቅመውን አደይ አበባ ያበቀለው የሐምሌ ዝናብ መሆኑን ያስብ። ለእያንዳንዱ ወር የራሱ ሥራና የራሱ ውበት አለው፤ የሚያገኘውም የሚያስተውል ሰው ነው።